ወረቀቷ ጊዜው ያለፈባት ስደተኛ ጤና ጣቢያ መሄድ ትችላለች?

ጥያቄ፦ «ቤቴ ጎፋ መብራት ኃይል አካባቢ ነው። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ለአንዲት ኤርትራዊት አከራይቻለሁ። ሁለት ልጆች አሏት፤ እናቷም አብረዋት ይኖራሉ። እናትየውን ሁላችንም ‹አደይ› ነው የምንላቸው። ልጅቷ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ለክትትል አልሄደችም። አደይ ደግሞ ስኳር አለባቸው። ገንዘብ ሲኖር መድኃኒት ይገዛሉ፣ ሲያልቅ ይተዋሉ። ‹ለምን ጤና ጣቢያ አትሄዱም?› ስላት ወረቀቴ ጊዜው አልፏል፣ ይይዙኛል፣ ደግሞም ለስደተኛ አይሰጡም ትለኛለች። እውነቷን ነው? እኔስ ምን ላድርግላቸው? ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።»

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጠየቁ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ አጭሩን ልንገርዎ። «ለስደተኛ አይሰጡም» የሚለው እውነት አይደለም። ጤና ጣቢያ መሄድ ትችላለች። የእርግዝና ክትትሉም በነፃ ነው። በዚህ ሳምንት ይውሰዷት፤ ለሚቀጥለው ወር አያሳድሩት።

አሁን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። በአዋላጅ ነርስነት አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ በኋላም ሥራዬ ከተማ ውስጥ ከሚኖሩ ስደተኞች ጤና ጋር ነው። የእርስዎን ጥያቄ የሚመስል ታሪክ በየሳምንቱ ይገጥመኛል።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞችም ሆኑ ጥገኝነት ጠያቂዎች በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት ማግኘት እንደሚችሉ በግልጽ ይናገራል። ካምፕ ውስጥ ያለ፣ ከተማ ውስጥ ያለ ብሎ አይለይም። ወረቀቷ ጊዜው ስላለፈ ስደተኛነቷ አልቀረም። ያለፈው የካርዱ ቀን ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ከ70 ሺህ በላይ የተመዘገቡ ስደተኞች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ሕጻጽና ሽመልባ ካምፖች ሲወድሙ ደግሞ ብዙ ሰው ወደዚህ መጣ። ስለዚህ የእርስዎ ተከራይ ለጤና ጣቢያው እንግዳ ነገር አትሆንም። ካርድ ክፍል ያሉት ሠራተኞች ከእሷ በፊት ብዙ አይተዋል።

ፍርሃቷን ግን አያቃልሉባት። «ምንም አይፈጠርም፣ ዝም ብለሽ ሂጂ» ብትሏት አትሄድም። መንገድ ላይ መታወቂያ ተጠይቆ የተጉላላ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይኖራታል። ከአገሯ የወጣችውም መንግሥት የሚባል ነገር ሁሉ የሚያስፈራበት ቦታ ኖራ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ የጥበቃ ሠራተኛ በር ላይ ሲቆም እሷ የምታየው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በእርጋታ ይንገሯት። ካርድ ክፍል የሚጠየቀው ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻና ስልክ ነው። መታወቂያ ቢጠየቅ ያላትን ወረቀት ታሳይ፤ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን። አዋላጇ ስለ ወረቀቷ ደንታ የላትም፤ የምትፈልገው የደም ግፊቷን መለካት ነው። በካርዷ ላይ የሚጻፈውም የሕክምና ምስጢር ነው፤ ለማንም አይነገርም።

እዚህ ላይ ከልቤ የምለው አንድ ነገር አለ። ከሁሉም የሚሻለው ርዳታ አብሮ መሄድ ነው። ገንዘብ መስጠት ጥሩ ነው፣ ምክርም ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ቀን ከጎኗ ሰው ካለ፣ ሁለተኛውን ቀን ብቻዋን ትሄዳለች። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። በሩን አንዴ ካለፈች ፍርሃቱ ግማሽ ይሆናል። ቤቱን የሚያውቅ፣ አማርኛ የሚናገር፣ «ተከራዬ ናት፣ ጎረቤቴ ናት» የሚል ሰው አብሯት ሲቆም የሠራተኛውም አቀባበል ይለወጣል። ሊሆን የማይገባው ነው፤ ግን የሚሆነው ይኸው ነው።

ብዙ ስደተኞች ጤና ጣቢያ የማይሄዱት ሌላ መንገድ ስላላቸው ነው። የግል ክሊኒክ። ክሊኒኩ መታወቂያ አይጠይቅም፣ ወረፋው አጭር ነው፣ ትግርኛ የሚናገርም አይጠፋም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ አልትራሳውንድ፣ መርፌ ተደማምሮ ዘመድ ከውጭ የላከው የወሩ ገንዘብ በአንድ ቀን ያልቃል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀራል። እርግዝናና ስኳር ደግሞ በአንድ ቀጠሮ የሚያልቁ ነገሮች አይደሉም። የግል ክሊኒኮችን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው፤ ሕይወት ያተረፉ ብዙ አውቃለሁ። ኪሷ ባዶ የሆነች ነፍሰ ጡር ግን መጀመር ያለባት ጤና ጣቢያ ነው።

ለምን በነፃ እንደሆነ ልንገርዎ። በአገራችን የጤና ፖሊሲ አንዳንድ አገልግሎቶች ለማንም ሰው በመንግሥት ጤና ተቋም ክፍያ የላቸውም። የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ወሊድ፣ የድኅረ ወሊድ ክትትል፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የዜጋና የስደተኛ ልዩነት የለበትም። ስለዚህ ሁለቱ ልጆቿም ክትባታቸውን ጨርሰው እንደሆነ በዚያው ቀን ያስጠይቁ። የክትባት ካርዳቸው መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሆነ ነርሷ ካሉበት አንስታ ትቀጥላለች። አንዳንዴ ግን ጤና ጣቢያው የሌለውን ምርመራ ወይም መድኃኒት ውጭ እንድትገዛ ሊያዝላት ይችላል። ጥቂት ብር ይዛችሁ ሂዱ።

የት እንደምትገቡ ደግሞ ይወቁ። የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው የምትሉት። በጠዋት ድረሱ። የመጀመሪያው ቀን ረጅም ነው፤ ውኃና የሚበላ ነገር ያዙ። ደም ግፊት ይለካል፣ ክብደት ይታያል፣ ደምና ሽንት ይመረመራል። ደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ ይታያሉ። የደም ዓይነቷን በተለይ ልብ ይበሉ። ሁለት ልጅ ወልዳለችና ሾተላይ የምንለው ነገር ካለ አሁን ነው መታወቅ ያለበት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትና የአይረን ኪኒን ይሰጣታል። ኪኒኑ ሆድ ሊያደርቅ፣ ሰገራ ሊያጠቁር ይችላል። ይህን አስቀድመው ይንገሯት፤ ብዙ ሴቶች በዚህ ደንግጠው ይተዉታል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጥያቄዎ ውስጥ ዓይኔ ላይ ወድቋል። አደይ ስኳር አለባቸው። እናቷ ስኳር ያለባት ሴት በእርግዝና ጊዜ ስኳሯ ከፍ የማለት ዕድሏ ይጨምራል። የሚመረመረው ደግሞ ከስድስተኛው ወር አካባቢ፣ ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ልጅቷ አምስት ወር ላይ ናት። በትክክለኛው ሰዓት ነው የጻፉልኝ። ለአዋላጇ «እናቷ የስኳር በሽተኛ ናቸው» ብለው እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። ተከራይዎ ይህ ከእርግዝናዋ ጋር ይገናኛል ብላ ላታስብ ትችላለች።

አሁን ወደ ቋንቋ ልምጣ። ትግርኛና አማርኛ ዘመዳሞች ስለሆኑ ሰው ሁሉ የተግባባ ይመስለዋል። ሐኪም ቤት ውስጥ ግን «በግምት ገባኝ» አይሠራም። «ቃንዛ» ስትል ሕመም ማለቷ ነው። «ከብደይ» ስትል ሆዴ ማለቷ ነው፤ «ከብዶኛል» ተብሎ ከተሰማ ነገሩ ሌላ ሆነ። የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እየጨመረ ነው ወይ የሚለው ሁሉ በዚህ መሀል ይጠፋል።

አንድ ቀን ክፍሌ የገባች እናት ነበረች። ከእሷ ጋር የመጣው የስምንት ዓመት ልጇ ነው። ሰፈር ውስጥ ሲጫወት አማርኛ ለምዷል፤ አስተርጓሚዋ እሱ ነበር። ክብደቷን፣ ዕድሜዋን፣ ስንት ልጅ እንዳላት ጥሩ አድርጎ ነገረኝ። «ደም ይፈስሻል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። እናትየዋም በዓይኗ አየችኝ። ጥያቄዬን እዚያው አቆምኩ። ትግርኛ የምትናገር የጽዳት ሠራተኛ ነበረችን፤ እናትየዋን ጠይቄ ተስማማች፣ ጠራኋት። ደም መፍሰስ ከጀመራት ሦስት ቀን ሆኗት ነበር። ለልጇ እንዴት ትናገር?

ስለዚህ ልጆቿን አስተርጓሚ አያድርጓቸው። ባሏ ካለም እሱ ብቻ አይሁን፤ በባል ፊት የማይነገር ነገር አለ። እሷ የምታምናት፣ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ ሴት ካለች ያቺን ይዛችሁ ሂዱ። ካልተገኘች ደግሞ ጤና ጣቢያው ውስጥ ትግርኛ የሚችል ባለሙያ እንዳለ ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም።

እነዚህን ምልክቶች እርስዎም እሷም በቃላችሁ ያዟቸው። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ውኃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ። አንዱም ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ደግሞ 939። ሁለቱንም ግድግዳ ላይ ይጻፉላት። በአስቸኳይ ጊዜ አንድ የጤና ባለሙያ ያለ በቂ ምክንያት አላክምም ማለት አይችልም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 537 በቸልተኝነት፣ በገንዘብ ፍቅር ወይም በጥላቻ ሕክምና መከልከልን ያስቀጣል። ይህን የምጽፈው ነርስ ላይ እንድትጮኹበት አይደለም። «መብት አላት ወይ?» የሚለው ጥርጣሬ በዚያ ሰዓት እንዳያዘገያችሁ ነው።

ቤት ውስጥ ልውለድ ካለችዎ ሌላም የሚነግሯት ነገር አለ። ጤና ተቋም ስትወልድ ለሕፃኑ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይሰጣታል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኞችም ልደትን በወሳኝ ኩነት ማስመዝገብ ይችላሉ። ሕፃኑ የልደት ምስክር ወረቀት ያገኛል። ወረቀት ያጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ብዙ እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ ለመውለድ የሚወስኑት ይህን ሲሰሙ ነው።

አሁን አደይ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከልጅቷ ይልቅ የሚያሳስበኝ የእሳቸው ነገር ነው። እርግዝናው በነፃ ይታያል፣ በወራትም ያልቃል። ስኳር ግን በነፃ ከሚታዩት ውስጥ የለበትም። የሚከፈልበት ነው፣ ዕድሜ ልክም ነው። ስደተኛውን በጣም የሚጎዳው እንዲህ ያለው ሕመም ነው፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ። ድንገት ሰው አይጥልም፤ ስለዚህ የቤት ኪራይና የልጆች እንጀራ ይቀድመዋል። ብሩ ከተዳከመ ወዲህ ደግሞ የመድኃኒት ዋጋ በጣም ጨምሯል።

መጀመሪያ አንድ ነገር አጣሩልኝ። የሚወስዱት ኪኒን ነው ወይስ ኢንሱሊን? ኪኒን ማቋረጥ መጥፎ ነው፤ ኢንሱሊን ማቋረጥ ግን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኢንሱሊን ላይ ከሆኑና ከቆመባቸው ዛሬ ነገ አትበሉ። ማስታወክ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ መፍዘዝ ካለ አስቸኳይ ነው።

ኪኒን ከሆነ የቤቱን ካርቶንና ባዶ ፓኮ ሁሉ በፌስታል አድርገው ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ስሙን አይቶ በዋጋ ወደሚቀንሰው ሊቀይርላቸው ይችላል። ለምሳሌ ሜትፎርሚን ከስኳር መድኃኒቶች ውስጥ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ሐኪሙን «የምንከፍለው ይህን ያህል ነው፣ በዚህ አቅም ምን ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሐኪሙ ካልተነገረው አያውቅም፤ ጥሩ የመሰለውን ያዛል፣ እናንተ ሳትገዙት ትቀራላችሁ። መድኃኒቱን ደግሞ መጀመሪያ እዚያው ጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት፣ ከዚያ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ይፈልጉ። ከግሎቹ በብዙ ይቀንሳሉ። የሁለት ቀን መድኃኒት ያለፋቸው እንደሆነ ደራርበው እንዳይውጡ ይንገሯቸው። ይህን የሚያደርጉ ብዙ አሉ፣ ያካካሱ እየመሰላቸው።

ቤት ውስጥ በነፃ የሚደረግም አለ። ቡና ስትጠራሩ የአደይን ሲኒ ያለ ስኳር ያድርጉት። በኤርትራውያን ቤት ቡና ያለ ስኳር ማለት ለብዙ ሽማግሌ ከባድ ነው፤ ቀስ በቀስ ይቀንሱላቸው። እግራቸውን በየማታው ልጅቷ ትይላቸው፤ በጣቶች መሀል ጭምር። ስኳር እግርን ያደነዝዛል፣ የቆሰለ አይታወቃቸውም። በጠባብ ፕላስቲክ ጫማ የጀመረች ትንሽ ቁስል እግር እስከ ማስቆረጥ ስትደርስ አይቻለሁ። ጾመኛ ከሆኑ ደግሞ ጾሙን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ኪኒን መዋጥ ስኳራቸውን በጣም ሊያወርደው ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር ካዩ ወዲያው ስኳር በውኃ ያጠጧቸው። መዋጥ ካቃታቸው ግን በአፍ ምንም አይስጡ፤ አምቡላንስ ይጥሩ።

ወጪውን ማን ይሸፍን? ይህ ልጅቷ በምን መንገድ ከተማ እንደምትኖር በሚለው ይወሰናል። ለሕክምና ወይም ለደኅንነት ተብለው ከካምፕ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ስደተኞች ድጋፍ ያገኛሉ። «ከካምፕ ውጭ መኖር» በሚባለው መመሪያ የሚኖሩት ግን ራሳቸውን እንደሚችሉ ገልጸው ስለወጡ የዘወትር ድጋፍ የላቸውም። መመሪያው በ2002 ዓ.ም. ለኤርትራውያን ሲጀመር ትልቅ ነፃነት ነበር፤ አሁንም ነው። ነገር ግን ራሱን የሚችለው ሰው ዕድሜው ይገፋል፣ ይታመማል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ግን አይለወጥም። በእኔ እምነት መስተካከል ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበትን ሰው ራሱን ይችላል ብሎ መተው አይሆንም።

ቢሆንም በሩን ያንኳኩ። የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ጉዳዩን የሚይዘው መሥሪያ ቤት ነው። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ድጋፍ በከተማ ስደተኞች ሕክምና ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራው ደግሞ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ነው። ወደ ሁለቱም ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን አይሂዱ። ከጤና ጣቢያው የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ወይም ሪፈር ይያዙ። «ስኳር አለብኝ» የሚል ቃልና የሐኪም ማኅተም ያለበት ወረቀት እኩል አይታዩም። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የለጋሾች ገንዘብ በጣም ስለቀነሰ እምቢ ሊባሉም ይችላሉ። እምቢ ከተባሉ በኋላ የአደይ ሁኔታ ከከፋ በአዲስ ማስረጃ እንደገና ያመልክቱ።

የካርዱን እድሳትም በዚያው ጎን ለጎን ይጀምሩ። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዲስ አበባ ያሉ ስደተኞች የፋይዳ መታወቂያ እየተሰጣቸው ነው። እሱን ካገኘች ሲም ካርድም ባንክም ቀላል ይሆንላታል። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ክትትሉ እድሳቱን አይጠብቅም። ወረቀቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ጽንሱ ግን እያደገ ነው።

እርስዎን በተመለከተ ሁለት ነገር ላክል። ስለመጣችበት መንገድ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ በረሃው አይጠይቋት። ስትፈልግ ራሷ ትናገራለች። እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከተወች፣ ልጆቿን ማየት ከሰለቻት ግን ለአዋላጇ እንድትናገር ያበረታቷት፤ ይህም የሚታከም ነገር ነው። ሁለተኛው፣ የኪራዩንና የሕክምናውን ነገር አያገናኙባት። እርስዎ እንደማያደርጉት አውቃለሁ። እሷ ግን «ባልሄድ ከቤት ታስወጣኝ ይሆን?» ብላ ልትሰጋ ትችላለች። አንድ ጊዜ በግልጽ ይንገሯት።

የሠፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያውቋት ከሆነ ግቢያችሁ ጎራ እንድትል ይንገሯት። አደይ መሄድ ከደከማቸው ደም ግፊታቸውን ቤት ድረስ መጥታ ትለካላቸዋለች።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ። አደይ ቁርስ ሳይበሉ፣ መድኃኒትም ሳይወስዱ ይምጡ፤ የጾም ስኳር ነው የሚለካው። ቁርሳቸውን ግን በፌስታል ይያዙላቸው። ኢንሱሊን ላይ ከሆኑ መርፌውን ማቆየቱን አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ፤ ያለ እሱ ትእዛዝ አያስቀሩት። ከዚያ የተለካውን ቁጥርና የሚወስዱትን መድኃኒት ስም መልሰው ይጻፉልኝ። እጠብቃለሁ።